የመጀመሪያው ችሎት ይከብዳል

ጨለለቅቱ በጌዴኦ ዞን የኮቸሬ ወረዳ ዋና ከተማ ናት። በአካባቢዋ የሚኖር ገበሬ በወንጀል ቢከሰስ፣ ጉዳዩ እንደ ክብደቱ በወረዳው ፍርድ ቤት ወይም ዲላ ባለው የዞኑ ከፍተኛ ፍርድ ቤት ይታያል። ከዚያ በላይ የክልሉ ጠቅላይ ፍርድ ቤት አለ፤ መሠረታዊ የሕግ ስሕተት አለበት የተባለ የመጨረሻ ውሳኔ ደግሞ አዲስ አበባ ያለው የፌዴራል ሰበር ሰሚ ችሎት ድረስ ሊዘልቅ ይችላል። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 78 ፌዴራሉንም ክልሎችንም ባለሦስት እርከን ፍርድ ቤት ስላደረጋቸው፣ ብዙ ሰው ዋናው ፍትሕ ላይኛው እርከን ላይ ያለ ይመስለዋል። እኔ ግን በወንጀል ጉዳይ ከሁሉም የሚከብደው ክሱ መጀመሪያ የሚሰማበት ችሎት ነው እላለሁ።

ምስክር ቀርቦ ቃሉን የሚሰጠውና በመስቀለኛ ጥያቄ የሚፈተነው በዚህ ችሎት ነው። በአገራችን ጥፋተኝነትን የሚወስን የሕዝብ ሸንጎ ስለሌለ፣ ፍሬ ነገሩንም ሕጉንም የሚመዝነው ዳኛው ነው። ዳኛው ግን ብቻውን አይሠራም። ፖሊስ ይመረምራል፤ የያዘውንም ሰው፣ ለጉዞ የሚወስደው ጊዜ ሳይቆጠር፣ በ48 ሰዓት ውስጥ ፍርድ ቤት ማቅረብ አለበት። ዐቃቤ ሕጉ የምርመራ መዝገቡን አይቶ ክስ ይመሠርታል። ተከላካይ ጠበቃው የክሱን ክፍተት ያሳያል፤ ሬጅስትራሩ መዝገብና ቀጠሮ ይይዛል። ችሎቱ በአማርኛ ሲካሄድ ጌዴኦኛ ብቻ ለሚናገር ተከሳሽ አስተርጓሚው ጆሮም አንደበትም ነው። ከእነዚህ አንዱ ቢጎድል ወይም ቢሳሳት ጉድለቱ መዝገቡ ላይ ታትሞ ይቀራል።

“ይግባኝ አለ አይደል?” የሚል ይኖራል። አዎ፣ ይግባኝ ትልቅ መብት ነው፤ ብዙ የተዛባ ፍርድም ያቀናል። ሆኖም ይግባኝ ሰሚው በአብዛኛው የሚሠራው ከታች በተጻፈው መዝገብ ላይ ነው፤ ተጨማሪ ማስረጃ የሚሰማው አስፈላጊነቱን ሲያምንበት ብቻ ነው። ሰበር ደግሞ የሕግ ስሕተትን እንጂ የምስክርን ቃል አይመረምርም። ሳይጠየቅ የታለፈ ጥያቄ፣ ተሳስቶ የተተረጎመ ቃል ከመጀመሪያው ችሎት በላይ ሲሄድ ለማስተካከል የበለጠ ይከብዳል።

ሌላው ክርክር፣ በጌዴኦ ሶንጎ በሚባለው ባሕላዊ ጉባኤ የሚዳኙ ሽማግሌዎች ስላሉ ፍርድ ቤቱ ያን ያህል አያሳስብም የሚል ነው። ሽምግልና ቂምን ያበርዳል፣ ደም መቃባትን ያስቀራል፤ ይህ ክብሩ ሊነፈገው አይገባም። ነገር ግን ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 34 ለባሕላዊ ዳኝነት በር የከፈተው በተከራካሪዎች ፈቃድ ለሚታዩ የግልና የቤተሰብ ጉዳዮች ነው። ከባድ ወንጀል የሕዝብ ጉዳይ ስለሆነ ቤተሰቦች ቢታረቁም ክሱ ሊቀጥል ይችላል። እርቅና ፍርድ ጎን ለጎን ይሄዳሉ፤ አንዱ የሌላውን ቦታ አይሸፍንም።

ስለዚህ የበሰለ ዳኛ፣ በቂ ተከላካይ ጠበቃና የሠለጠነ አስተርጓሚ በቅድሚያ መመደብ ያለባቸው ክስ መጀመሪያ በሚሰማባቸው ፍርድ ቤቶች ነው። አንባቢም ድርሻ አለው። የምስክርነት መጥሪያ ሲደርስዎ ይቅረቡ። ተከሳሽ ከሆኑና የችሎቱ ቋንቋ ካልገባዎት አስተርጓሚ ይጠይቁ፤ ጠበቃ ለማቆም አቅም ካጡና ፍትሕ የሚጓደል ከሆነ መንግሥት እንዲያቆምልዎ ያመልክቱ። ሁለቱም በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 20 የተጻፉ መብቶችዎ ናቸው፤ በመጀመሪያው ቀጠሮ ይጠይቋቸው።