ፀሐይ ውሻን አታሳብድም፤ ልትገድለው ግን ትችላለች

ከየካቲት እስከ ግንቦት ባሉት የሙቀት ወራት ለሃጩን እያዝረበረበ የሚንገዳገድ ውሻ መርካቶ ውስጥ ከታየ፣ መጀመሪያ የሚሰማው ጩኸት «አብዷል!» የሚል ነው። ድንጋይና ዱላ ይከተላል። ምክንያቱን የሚያስረዳም አይጠፋም፤ «ፀሐይ መታው፣ ውሃ ጠማውና አበደ» ይላል። ይህ አባባል ሁለት የተለያዩ ችግሮችን አንድ አድርጎ ጨፍልቋል። አንደኛው በክትባት የሚከለከል ገዳይ ቫይረስ ነው። ሁለተኛው በጥላና በውሃ የሚከለከል የሙቀት ጉዳት ነው።

የእብድ ውሻ በሽታ ከረሀብ፣ ከጥምም ሆነ ከፀሐይ አይመጣም። የሚተላለፈው ቫይረሱ ያለበት እንስሳ ሲነክስ ወይም ምራቁ ቁስል ሲነካ ነው፤ ክረምት ከበጋ አይመርጥም። ስለዚህ ውሻዎን ውሃ ስላጠጡት ከእብደት አይድንም፤ ስላስከተቡትም ከሙቀት አያመልጥም። ሁለቱም ያስፈልጉታል።

በ25 ዲግሪ ምን ይደርስበታል?

«አዲስ አበባ ደግሞ መቼ ሞቃ ታውቃለች?» የሚል አንባቢ ይኖራል። እውነት ነው፤ ከተማዋ ከባሕር ወለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ስለተቀመጠች በሙቀቱ ወራት እንኳ የቀኑ ከፍተኛ ሙቀት ብዙውን ጊዜ 25 ዲግሪ አካባቢ ነው። ለድሬዳዋ ሰው ይህ ብርድ ነው። ነገር ግን ይህ ቁጥር የሚለካው ጥላ ውስጥ ያለውን አየር ነው፤ የመርካቶ የጥበቃ ውሻ ደግሞ ብዙውን ጊዜ ጥላ ውስጥ የለም። ቀን ቀን ላሜራ በር አጠገብ ታስሮ ይውላል፤ ቤቱም ከተረፈ ቆርቆሮ የተሠራ ነው። ቀጥ ብላ የምትወርድ የደጋ ፀሐይ ያረፈችበት ቆርቆሮ እንደ ምጣድ ይግላል።

ሰው ሲሞቀው መላ ሰውነቱ ያልባል። ውሻ ግን ላብ የሚያወጣው ከእግሩ መዳፍ ብቻ ነው ማለት ይቻላል፤ ራሱን የሚያቀዘቅዘው ምላሱን አውጥቶ በማለክለክ ነው። ከምላሱና ከአፉ የሚተነው እርጥበት ሙቀቱን ይዞለት ይወጣል። ለዚህም ነፋሻ አየርና በቂ ውሃ ይፈልጋል። ሁለቱ በሌሉበት ማለክለክ ራሱ ሥራ ሆኖበት ይብስ ያሞቀዋል። የጤነኛ ውሻ የሰውነት ሙቀት ከ38 እስከ 39 ዲግሪ አካባቢ ነው። ከ40 ካለፈ አደጋ ላይ ነው፤ ከ41 በላይ ሲሆን አንጎል፣ ኩላሊትና አንጀት መጎዳት ይጀምራሉ።

ያረጁ፣ የወፈሩ፣ ፀጉራቸው የበዛና አፍንጫቸው ደፍጠጥ ያለ የፈረንጅ ውሾች ደግሞ ከሀበሻው ውሻ ቀድመው ይሸነፋሉ። ቡችላ ገዝቶ መኪና ውስጥ ትቶ «አንድ ዕቃ ይዤ ልምጣ» ማለትም አይገባም። ውጭው 24 ዲግሪ ሲሆን የተዘጋ መኪና ውስጡ በ10 ደቂቃ 34፣ በግማሽ ሰዓት ደግሞ 43 ዲግሪ ሊደርስ ይችላል።

ሰንሰለቱ፣ ቤቱና ውሃው

መጀመሪያ የሚታየው የጥላው ነገር ነው። ጠዋት 3 ሰዓት ላይ ጥላ የነበረው ቦታ ከቀኑ 7 ሰዓት ላይ ፀሐይ ሊሆን ይችላል። ሰንሰለቱ ያጠረ ውሻ ጥላው ወደሄደበት መከተል አይችልም። ስለዚህ ውሻውን ጠዋት ያሰሩበትን ቦታ ቀትር ላይ አንድ ጊዜ ሄደው ይዩት። ሰንሰለቱን ጥላ እስከሚደርስ ያስረዝሙለት ወይም ቦታውን ይቀይሩለት።

ቤቱን የግድ ማፍረስ አያስፈልግም። ከቆርቆሮው ጣሪያ በላይ አንድ ስንዝር ያህል ክፍተት ትተው ጣውላ ወይም ኬሻ ቢዘረጉበት ፀሐይዋ በቀጥታ አታርፍበትም። ወለሉን በድንጋይ ወይም በፓሌት ከመሬት ከፍ ማድረግና ከኋላው ጎን የአየር መግቢያ መክፈትም ትልቅ ለውጥ ያመጣል።

20 ኪሎ የሚመዝን ውሻ በአዘቦት ቀን እንኳ አንድ ሊትር ገደማ ውሃ ያስፈልገዋል፤ በሙቀት ጊዜ ከዚያ በላይ። በግማሽ የተቆረጠ ጀሪካን ቀላል ስለሆነ ሰንሰለቱ ሲጎትተው ይደፋል፤ ውሻውም ባዶ ዕቃ እየላሰ ይውላል። ከበድ ያለ የሸክላ ዕቃ ግን አይገለበጥም፤ ውሃውንም ቀዝቀዝ አድርጎ ያቆያል። ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ሠፈር ለውሻው የተለየ አንድ ጀሪካን ሞልቶ ማስቀመጥ ይበጃል።

ሁዳዴ የሚውለውም በእነዚህ ወራት ነው። የክርስቲያን ልኳንዳ ቤቶች ሲዘጉ ትርፍራፊ በማግኘት የሚኖር ውሻ ይከሳል፤ የከሳና የደከመ ውሻ ደግሞ ሙቀት የመቋቋም አቅሙ ይቀንሳል።

የመጋዘኑ ድመት

በመርካቶ እህል በረንዳና በርበሬ ተራ ድመት የምትኖረው ለጌጥ አይደለም፤ አይጥ ልትጠብቅ ነው። የእሷ አደጋ ከውሻው ይለያል። ቅዳሜ ማታ ሱቁ ሲዘጋ ከጆንያው መሃል ተኝታ ብትቀር እስከ ሰኞ ጠዋት የሚከፍትላት የለም። እሑድ ሙሉ ቀን ከቆርቆሮ ጣሪያ ሥር ያለ ውሃ ትውላለች። መቆለፊያውን ከማዞርዎ በፊት ድመቷ የት እንዳለች ይመልከቱ፤ ሁልጊዜ ውስጥ የምትቆይ ከሆነም ውሃ አስቀምጠውላት ይሂዱ። ድመት እንደ ውሻ አታለከልክም፤ አፏን ከፍታ የምትተነፍስ ድመት ካዩ ተጨንቃለች ማለት ነው።

ከሙቀቱ ጋር ነቀዝ፣ ቁንጫና መዥገር ይበዛሉ፤ ከእነሱም ጋር መድኃኒቱ ይመጣል። ለነቀዝ እህል ውስጥ የሚጨመረው አሉሚኒየም ፎስፋይድ የተባለው ክኒን እርጥበት ሲያገኝ ፎስፊን የሚባል መርዛማ ጋዝ ይለቃል፤ ሙቀት ሲጨምር ጋዙ ቶሎ ይወጣል። ክኒኑ በተደረገበት በተዘጋ ክፍል ውስጥ ድመት ትሞታለች፤ ሰውም ይሞታል። ለውሻ ቁንጫ የተሠራ ፐርሜትሪን ያለበት መድኃኒትም ለድመት መርዝ ነው። ለከብት መዥገር የተገዛን ኬሚካል በግምት በጥብጦ ድመት ላይ ማፍሰስ ፈጽሞ አይገባም። የአይጥ መርዝ በሚቀመጥበት ሱቅ ድመት ማኖርም እርስ በርሱ የሚጋጭ ነገር ነው፤ የተመረዘውን አይጥ የምትበላው እሷ ናትና።

ሙቀት ነው ወይስ እብደት?

ሙቀት የመታው ውሻ በጣም ያለከልካል፣ ወፍራም ለሃጭ ያወርዳል፣ ድዱ ይቀላል፣ ይንገዳገዳል፣ ያስመልሳል፣ በመጨረሻም ይወድቃል። ጠዋት ደህና የነበረና ከሰዓት ፀሐይ ላይ የወደቀ ከሆነ ሙቀት መጠርጠር ተገቢ ነው። በእብድ ውሻ በሽታ የተያዘው ግን ብዙ ጊዜ በቀናት ውስጥ ጠባዩ ይለወጣል፦ ያለ ምክንያት ይናከሳል ወይም ይደበቃል፣ ድምፁ ይቀየራል፣ መንጋጋው ይዝላል፣ መዋጥ ያቅተዋል። ምልክቶቹ ስለሚመሳሰሉ ታሪኩን የማያውቁትን ወይም ያልተከተበን ውሻ በእጅዎ አይንኩ፤ አፉን ከፍተው ውሃ ለማጠጣትም አይሞክሩ።

የራስዎ የተከተበ ውሻ በሙቀት ቢወድቅ ግን ደቂቃ አያባክኑ። ወደ ጥላ ይውሰዱት። ቀዝቃዛ የቧንቧ ውሃ ሆዱ፣ ብሽሽቱና እግሮቹ ላይ እየደጋገሙ ያፍስሱበት፤ በካርቶን ያራግቡለት። እርጥብ ጨርቅ ጠቅልለው አይተዉት፤ ጨርቁ ራሱ ይሞቅና ሙቀቱን ያፍናል። ነቅቶ ከሆነ ውሃ በጥቂቱ ያቅርቡለት እንጂ አይጋቱት። ማቀዝቀዙ ይቀድማል፤ ከዚያ ወደ እንስሳት ሐኪም ይወሰዳል። ተነሥቶ ቢሄድም ሐኪም ይየው፤ የውስጥ ጉዳቱ ከሰዓታት በኋላ ሊገለጥ ይችላል።

ውሻ ሰው ከነከሰ ቁስሉን ለ15 ደቂቃ በሳሙናና በሚፈስ ውሃ ማጠብ፣ ወዲያውኑም ወደ ጤና ተቋም መሄድ ያስፈልጋል። ጠበሉም ሆነ የባህል ሐኪሙ ከክትባቱ በኋላ ይደረስባቸዋል፤ የበሽታው ምልክት አንዴ ከታየ ግን የሚያድን ሕክምና የለም ማለት ይቻላል። የነከሰውን ውሻ ወዲያው ከመግደል፣ የሚቻል ከሆነ አስሮ ለ10 ቀን መከታተል ይመረጣል። 10 ቀን ጤነኛ ሆኖ ከቆየ ሲነክስ ቫይረሱን አላስተላለፈም ማለት ነው። የሕክምናውን ውሳኔ ግን ባለሙያው ይስጥ እንጂ 10ሩን ቀን እየጠበቁ ክትባት አያዘግዩ።

አህያዋስ?

እህል በረንዳ ላይ ከሁሉም በላይ ፀሐይ የሚያርፍባት አህያ ናት። አህያ ጥሟንና ድካሟን ስለማታሳይ ደህና ትመስላለች። የሀገራችን አህያ አንድ ኩንታል ስትጫን የራሷን ክብደት የሚያህል ነገር ተሸከመች ማለት ነው፤ ባለሙያዎች የሚመክሩት ግን የዚህን ግማሽ እንኳ አይሞላም። በቀትር ጭነት መቀነስ፣ በየእረፍቱ ውሃ ማቅረብና ኮርቻ የላጠውን ጀርባ ከዝንብ መጠበቅ ባለቤቱ በቀላሉ ሊያደርጋቸው የሚችላቸው ናቸው። ዶንኪ ሳንክቹዋሪ የተባለው የእንግሊዝ በጎ አድራጎት ድርጅት መርካቶ አቅራቢያ አህዮችን በነፃ የሚያክምበት ክሊኒክ ነበረው፤ አሁንም መሥራቱን ግን አስቀድመው ይጠይቁ።

የተራው ውሻ የማን ነው?

የመርካቶ አብዛኛው ውሻ የአንድ ሰው አይደለም፤ የተራው ነው። ሌሊት ከጥበቃው ጋር ያድራል፣ ቀን ከጫኝና አውራጁ ምሳ ይቃመሳል። ሲጠብቅ የሁሉም ነው፤ ሲታመም ግን ባለቤት የለውም። ያልተከተበውም፣ ውሃ የማይቀመጥለትም ለዚህ ነው። የአንድ ተራ ነጋዴዎች ለጥበቃ በየወሩ እንደሚያዋጡት ሁሉ፣ በዓመት አንድ ጊዜ ለውሾቻቸው ክትባት ቢያዋጡ ለእያንዳንዱ የሚደርሰው ጥቂት ነው። ውሻ ከሦስት ወር ዕድሜው ጀምሮ ይከተባል፤ ከዚያም በየዓመቱ ይደገማል። የት እንደሚከተብ የክፍለ ከተማውን የከተማ ግብርና ጽሕፈት ቤት ወይም የግል የእንስሳት ሐኪም ይጠይቁ። ውሃውን ለማስቀመጥ ግን ማንንም መጠየቅ አያስፈልግም፤ ነገ ጠዋት ሱቅዎን ሲከፍቱ ይጀምሩ።