አድልዎ ከየት ይጀምራል?

ሰው ሰውን ለምን ያገላል? ብዙዎቻችን ከቆየ ቂም ወይም ከጥቅም ግጭት የተነሣ ነው ብለን እንመልሳለን። ሄንሪ ታጅፌል የተባለው የሥነ ልቦና ሊቅ ግን ነገሩ ከዚያ አስቀድሞ፣ ከዐይናችን አመለካከት እንደሚጀምር አሳይቷል።

ታጅፌል በ1919 (እ.ኤ.አ.) በፖላንድ ከአይሁድ ቤተሰብ ተወለደ። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት በፈረንሳይ ጦር ውስጥ ሲያገለግል በጀርመኖች ተማረከ። ፈረንሳዊ ነኝ በማለቱ ከሞት ተረፈ፤ ቤተሰቡ ግን አለቀበት። በኋላም በእንግሊዝ አገር ሲያስተምር የጭፍን ጥላቻን ምንጭ ሲመረምር ኖረ።

በ1963 ከባልደረባው ጋር ባሳተመው ጥናት ሰዎች የስምንት መስመሮችን ርዝመት እንዲገምቱ አደረገ። አራቱን አጫጭር መስመሮች “ኤ”፣ አራቱን ረጃጅሞች “ቢ” ብሎ ሲሰይማቸው፣ ገማቾቹ በሁለቱ ምድቦች መካከል ያለውን ልዩነት ከእውነቱ አስፍተው አዩት። መስመሮቹ አልተለወጡም፤ የተጨመረው ስም ብቻ ነው።

ታዲያ መስመሩ ሰው ቢሆንስ? በ1970 ይፋ የሆነው ጥናት ይህን ይመልሳል። በብሪስቶል ከተማ ከ14 እስከ 15 ዓመት የሆናቸው 64 ተማሪዎች የነጠብጣቦችን ብዛት እንዲገምቱ ከተደረገ በኋላ፣ በግምታቸው መሠረት በሁለት ቡድን እንደተከፈሉ ተነገራቸው። በእውነቱ ግን የተመደቡት እንዲያው በዕጣ ነበር። ከዚያም እያንዳንዱ ለብቻው ሆኖ ለሌሎች ልጆች ገንዘብ እንዲያከፋፍል ተጠየቀ። ተቀባዮቹ የሚታወቁት በቁጥርና በቡድን ብቻ ነው፤ አከፋፋዩም ለራሱ አንዳች አያገኝም። ሆኖም አብዛኞቹ ለራሳቸው ቡድን አደሉ።

ይበልጥ የሚያስደንቀው ደግሞ በቀጣዩ ሙከራ የታየው ነው። ብዙዎቹ የራሳቸው ቡድን የሚያገኘው ቢቀንስም እንኳ ሌላውን ቡድን በልጦ መገኘቱን መረጡ። በመካከላቸው ቂም አልነበረም፤ “የእኛ” እና “የእነሱ” የሚል ስም ብቻ በቂ ሆነ።

እርግጥ ነው፣ ለወገን ማድላት ራሱ ጥላቻ አይደለም። ነገር ግን ፍርሃትና ፉክክር ሲጨመሩበት ጥላቻ የሚበቅልበት መሬት ይሆናል። ደግሞም ቡድኖች ራሳቸውን እንደ አንድ ትልቅ ቡድን መቁጠር ሲጀምሩ አድልዎው እንደሚቀንስ ከዚያ ወዲህ የተደረጉ ጥናቶች አሳይተዋል።

እንግዲህ ወደ ጉባኤያችን አዲስ ሰው ሲመጣ “የየት አገር ሰው ነህ?” ብለን ስንጠይቅ ልብ እንበል። ጥያቄው በራሱ ክፉ አይደለም። መልሱን ከሰማን በኋላ ግን የምናየው ሰውየውን ነው ወይስ የለጠፍንበትን ስም?