የቤት ዕቃ ማጓጓዝ አደራ ነው

ቤት የሚለውጥ ሰው በመኪና የሚያስጭነው እንጨትና ብረት ብቻ አይደለም፤ የብዙ ዓመት ድካሙን ነው። ስለዚህ አባት እየነዳ፣ ልጆች እየተሸከሙ፣ እናት ሒሳብ እየያዘች በአንድ አይሱዙ የሚተዳደር ቤተ ሰብ የሰው አደራ እንደ ተቀበለ ሊያውቅ ይገባዋል።

አደራው የሚጠበቀው ከመጫን በፊት ነው። ዕቃው በዝርዝር ይጻፍ፤ ቀድሞ የተሰነጠቀው ይመዝገብ፤ ሁለቱም ወገኖች ይፈርሙበት። በአዲስ አበባ ብዙዎቹ ባለ አራት ፎቅ የጋራ መኖሪያ ቤቶች አሳንሰር ስለሌላቸው፣ ፎቁ ሳይጠየቅ የተቆረጠ ዋጋ በደረጃው ላይ ጠብ ያስነሣል።

ሲጫንም ከባዱ ዕቃ ከታች ሆኖ ወደ ጋቢናው ይጠጋ፤ ክብደቱም ግራና ቀኝ ይመዛዘን። መስታወት በብርድ ልብስ ተጠቅልሎ ይቁም እንጂ አይጋደም። ፍሪጅም ቆሞ ይሂድ፤ የግድ ከተጋደመ ግን፣ የሞተሩ ዘይት ወደ ቦታው እንዲመለስ፣ ቆሞ ጥቂት ሰዓታት ሳይቆይ ከኤሌክትሪክ አይገናኝ።

ከሁሉ ይልቅ ቤተ ሰቡን የሚጥለው የገንዘብ አያያዝ ነው። ማታ በእጅ የገባው ሁሉ ትርፍ አይደለም፤ ነዳጁ፣ ጎማው፣ ባሌስትራው፣ መድኑ፣ የልጆቹም የጉልበት ዋጋ በውስጡ አለ። እንግዲህ የመኪናው ገንዘብ ከጓዳው ገንዘብ ይለይ። ለጎማ መግዣ ሳያስቀምጥ የሚያድር ሰው መኪናውን ቆርሶ እየበላ ነው፤ ውሎ አድሮም የራሱን ልጆችና የሰውን ንብረት በተላጠ ጎማ ቁልቁለት ያወርዳል።