«ሕጉን የምትጽፈው አንተ፣ የምታሸንፈውም አንተ»



ባለፈው ሴሚስተር እኛ ዶርም ውስጥ ከዒሻ ሶላት በኋላ አንድ የካርድ ጨዋታ ይዞን ነበር። ስሙ «ኔትረነር» ይባላል። ፋይሉን በነፃ አውርደን፣ ፎቶ ኮፒ ቤት በኤ4 ወረቀት አሳትመን፣ በመቀስ ቆርጠን ነው የጀመርነው። ትንሽ እንደለመድነው እኔ «ለምን የራሳችንን ካርድ አንጨምርም?» አልኩና ዐሥር ካርድ ጻፍኩ። በሁለት ሳምንት ውስጥ ጨዋታው ሞተ። አንዱ ወንድማችንም «ሕጉን የምትጽፈው አንተ፣ የምታሸንፈውም አንተ» ብሎኝ መምጣት አቆመ። ተናድጄ ነበር፤ ቆይቶ ግን እውነቱን መሆኑ ገባኝ። ይህ ጽሑፍ በአንድ ጨዋታ ላይ ሕግ መጨመር ለምን እንደሚከብድና በትክክል የጨመሩት ሰዎች እንዴት እንደሠሩት ያስረዳል።

ጨዋታው ምንድን ነው?

ኔትረነርን የሠራው ሪቻርድ ጋርፊልድ ነው። ሰውየው የሒሳብ ዶክተር ሲሆን እ.ኤ.አ. በ1993 በወጣው «ማጂክ ዘ ጋዘሪንግ» ይታወቃል። ኔትረነርን በ1996 ያሳተመው ዊዛርድስ ኦፍ ዘ ኮስት የተባለው ኩባንያ ነው። ታሪኩ የተወሰደው ከ«ሳይበርፐንክ» ዓለም ነው። ይህ ዓለም ቴክኖሎጂው የመጠቀ፣ ኑሮው ግን የከፋ፣ ከመንግሥት ይልቅ ግዙፍ ኩባንያዎች የሚገዙት ምናባዊ ዓለም ነው። ብዙዎቻችሁ የምታውቁት «ሳይበርፐንክ 2077» የተባለው የቪዲዮ ጌምም ከዚያው ምንጭ የተቀዳ ነው።

ጨዋታው ለሁለት ሰው ሲሆን ሁለቱ ተጫዋቾች እኩል አይደሉም። አንዱ ኮርፖሬሽን፣ ሌላው «ረነር» የሚባል ሃከር ይሆናል። ኮርፖሬሽኑ «አጀንዳ» የሚባሉ ምስጢራዊ ካርዶቹን በግንባራቸው ደፍቶ ያስቀምጣል፤ ከፊታቸውም «አይስ» የሚባል መከላከያ ይደረድራል። ረነሩ መከላከያውን ሰብሮ አጀንዳውን ለመስረቅ ይሞክራል። ቀድሞ 7 ነጥብ የሞላ ያሸንፋል።

በአንድ ተራ ኮርፖሬሽኑ 3፣ ረነሩ 4 «ክሊክ» ማለትም የሥራ ዕድል አላቸው። በአንድ ክሊክ ቢያንስ አንድ ክሬዲት ማግኘት ወይም አንድ ካርድ ማንሳት ይቻላል። ሁለቱም በ5 ክሬዲትና በ5 ካርድ ይጀምራሉ። አይሱን ለማስነሳት ኮርፖሬሽኑ ይከፍላል፤ አይሱን ለመስበር ረነሩ ይከፍላል። ስለዚህ ጨዋታው በመሠረቱ የገንዘብ ጨዋታ ነው፤ ገንዘቡን ያዛባ ካርድ ሁሉንም ያዛባል።

ከኩባንያ ወደ ተጫዋቾች

የመጀመሪያው ኔትረነር ከጥቂት ዓመታት በኋላ ቆመ። በ2012 ፋንታሲ ፍላይት ጌምስ የተባለ ሌላ ኩባንያ ከዊዛርድስ ፈቃድ ወስዶ በአዲስ መልክ አወጣው። በ2018 ግን የፈቃዱ ውል አበቃና ጨዋታው ለሁለተኛ ጊዜ ቆመ። ባለቤቱ የተወው ነገር አብዛኛውን ጊዜ እንደዚያው ይቀራል። የኔትረነር ተጫዋቾች ግን በዚያው ዓመት ተሰባስበው ኒሴይ የሚባል የበጎ ፈቃደኞች ቡድን አቋቋሙ። ቡድኑ በ2022 ስሙን ነል ሲግናል ጌምስ ብሎ ቀይሯል። አዳዲስ ካርዶችን ይሠራሉ፣ ይሞክራሉ፣ ያሳትማሉ፤ መግዛት ለማይችልም ራሱ እንዲያትመው ፋይሉን በነፃ ያቀርባሉ። በ2021 ያወጡት «ሲስተም ጌትዌይ» ለጀማሪ የተዘጋጀ ነው፤ እኛም በመቀስ የቆረጥነው እሱን ነው።

የኔ ካርድ ምን አጠፋ?

ካጠፋሁት ሁሉ የከፋችው ካርድ እንዲህ ትል ነበር፦ «ዋጋ፦ 2 ክሬዲት። ወረራህ በተሳካ ቁጥር 2 ክሬዲት ውሰድ።» ሲያዩዋት ምንም የማታደርግ ትመስላለች። እስቲ እናስላት።

ኮርፖሬሽኑ የተጣሉ ካርዶቹ ያሉበትን ክፍል አብዛኛውን ጊዜ ያለ መከላከያ ይተወዋል። ረነሩ እዚያ በነፃ ይገባል፤ ወረራውም «ተሳካ» ይባላል። በ4 ክሊክ 4 ጊዜ ከገባሁ 8 ክሬዲት አገኛለሁ። ያለ ካርዷ በ4 ክሊክ የማገኘው 4 ብቻ ነበር። ኮርፖሬሽኑ ደግሞ በ3 ክሊኩ 3 ያገኛል። በሕጉ አንድን ካርድ እስከ 3 ቅጂ መያዝ ስለሚፈቀድ ሁለተኛዋን ቅጂ ስጨምር 8ቱ 16 ይሆናል። ከዚያ በኋላ የትኛውም መከላከያ አያቆመኝም።

ለማነጻጸር ሲስተም ጌትዌይ ውስጥ ያሉትን ሁለት ካርዶች ተመልከቱ። «ሹር ጋምብል» ለረነሩ፣ «ሄጅ ፈንድ» ለኮርፖሬሽኑ ነው። ሁለቱም 5 ከፍለህ 9 ያስወስዳሉ። ትርፉ 4 ነው፤ ለሁለቱም ወገን እኩል ነው፤ አንዴ ከተጫወትከው ካርዱ ይጣላል፤ ለመጫወትም በቅድሚያ 5 ክሬዲት ሊኖርህ ይገባል። የኔ ካርድ ግን ሁለት ከፍለህ ዕድሜ ልክ የምትታለብ ላም ነበረች።

ባለሙያዎቹም ከዚህ ዓይነት ስሕተት አላመለጡም። በ2012ቱ እትም «ዴስፔራዶ» የሚባል ካርድ ነበር፤ ዋጋው 3 ሲሆን በተሳካ ወረራ ሁሉ 1 ክሬዲት ይሰጣል። እንዲህ ያለውን መሣሪያ ረነሩ በአንድ ጊዜ ከአንድ በላይ መትከል አይችልም። ይህ ሁሉ ገደብ እያለበት እንኳ ኩባንያው ኋላ ባወጣው የመጀመሪያው የገደብ ዝርዝር ውስጥ ገብቷል። የኔዋ በርካሽ ዋጋ እጥፍ ትሰጥ ነበር፤ ያውም ያለ ገደብ።

የስሕተቱ ምንጭ ሒሳቡ ብቻ አይደለም። እኔ ሁልጊዜ የምጫወተው ረነርን ነበር። ከጻፍኳቸው ዐሥር ካርዶች ስምንቱ ለረነር ነበሩ። ኮርፖሬሽኑን የሚጫወተው ደግሞ ያ መምጣት ያቆመው ወንድማችን ነው። በልጅነታችን መድረሳ ውስጥ ሱረቱል ሙጠፍፊፊንን ሐፍዘናል፤ ሲቀበሉ ሞልተው፣ ለሌላው ሲሰፍሩ አጉድለው ስለሚሰጡ ሰዎች ነው። ሚዛኑን የሚይዘው ሰው ነጋዴ ብቻ መስሎኝ ነበር። ሕግ የሚጽፍም ሚዛን ይዟል።

በትክክል ሲሠራ

ከፈቃደኞቹ ሥራ የተማርኩት በአጭሩ ይህ ነው።

አንደኛ፣ ካርድ ከመጻፍህ በፊት የአንድን ክሊክ ዋጋ እወቅ። ምህንድስና ውስጥ ጭነቱን ሳታሰላ ምሰሶ እንደማታቆመው ማለት ነው።

ሁለተኛ፣ በሁለቱም ወገን ሆነህ ሞክረው። የኔትረነር ውድድር ላይ እያንዳንዱ ተጫዋች አንድ የኮርፖሬሽን፣ አንድ የረነር ጥቅል ይዞ ይመጣል። ጎን መቀያየር የጨዋታው ባህል ነው፤ እኔ ነኝ የዘለልኩት።

ሦስተኛ፣ ቃል አጥራ። ነሕው የተማረ አንድ ሐረካ ትርጉም እንደምትገለብጥ ያውቃል። «በተሳካ ቁጥር» እና «መጀመሪያ ሲሳካ» ሁለት የተለያዩ ጨዋታዎች ናቸው። ፈቃደኞቹ እያንዳንዱን ቃል የሚያብራራ ዝርዝር የሕግ ሰነድ የሚያዘጋጁት ለዚህ ነው።

አራተኛ፣ ያጠፋኸውን ሰርዝ። እነሱ በየጊዜው የታገዱ ካርዶችን ዝርዝር ያወጣሉ፤ የራሳቸው ካርድ ሲያስቸግርም ያግዱታል። የራስን ሥራ ማገድ ለነፍስ ይከብዳል።

«ቁማር አይደለም ወይ?»

ይህን የጠየቁኝ ብዙ ናቸው። ፈትዋ መስጠት የኔ ቦታ ስላልሆነ ኡስታዞቻችንን ጠይቁ፤ ለጥያቄያችሁ የሚረዳችሁን መረጃ ግን ልስጥ። ጨዋታውን የምንጫወተው ምንም ሳናሲዝ ነው። የ1996ቱ እትም ውስጡ ምን እንዳለ በማይታወቅ እሽግ ይሸጥ ነበር፤ ገዢው ከፍሎ ዕድሉን ይጠብቃል። ስለ ገረር የተማረ ሰው ይህ ቢከነክነው አይገርምም። ከ2012 ወዲህ ያለው እትም፣ የፈቃደኞቹም ጭምር፣ በእሽጉ ውስጥ ያሉት ካርዶች ቀድመው ታውቀው ነው የሚሸጠው። ጊዜን በተመለከተ ግን ዳኛው እያንዳንዳችን ነን፤ ሱብሒን የሚያስተኛ ጨዋታ ካርዱ ሐላል ቢሆን እንኳ ኪሳራ ነው።

በመጨረሻ ወንድማችን ጋ ሄጄ ዐውፍ አልኩት። ካርዷንም ሰጥቼው «አንተ አስተካክላት» አልኩት። እስክሪብቶ አነሳና አራት ቃል ጨመረባት፦ «በየተራው ለመጀመሪያ ጊዜ ብቻ»። አሁን በአንድ ተራ 2 ክሬዲት እንጂ 8 አትሰጥም። የቀሩትን ሰባት የረነር ካርዶቼን አብረን ቀደድናቸው። ከፈተና በኋላ ኢንሻአላህ እንደገና እንጀምራለን፤ እኔ ኮርፖሬሽን ሆኜ።