ስሟ የጎዳት አዳኝ

መካ፣ ሩሰይፋ ውስጥ ዝናብ ጥሎ ባባራ ማግስት፣ ከሐረመይን ባቡር ጣቢያ ወጥቼ ወደ ቤቴ ስሄድ አንዲት ቢጫ የውሃ ተርብ አየሁ። በቆመ ጥቁር መኪና ኮፈን ላይ ጭራዋን ነካ፣ ነካ ታደርጋለች። ቆሜ ሳያት አንድ የአገሬ ሰው «ራቅ በል ወንድሜ፣ ትነድፍሃለች!» አለኝ።

እንዲህ የሚያሰኘን ስሟ ነው። ተርብ ስላልናት መንደፊያ ያላት ይመስለናል፤ መንደፊያም መርዝም የላትም። ሴቷ በጭራዋ እንቁላል ትጥላለች፤ ወንዱ በጭራው ጫፍ ባለው መቆንጠጫ ሴቷን ይይዛል። በጣታችሁ አጥብቃችሁ ከያዛችኋት በመንጋጋዋ ቆንጠጥ ልታደርግ ትችላለች፤ ከዚያ አያልፍም። ዓረቦች ያዕሱብ ይሏታል።

ያቺ በመኪናው ላይ የነበረችውም እንቁላሏን እየጣለች ነበር። ውሃን የምትለየው በላዩ ከሚያንጸባርቀው ብርሃን ነው፤ ጥቁርና የተወለወለ ኮፈንም ያንኑ ብርሃን ስለሚመልስ ኩሬ ይመስላታል። እንቁላሉ በጋለው ብረት ላይ ደርቆ ይቀራል። ዕድለኛዋ ግን ከዝናብ የተረፈ ኩሬ አግኝታ ትጥላለች፤ እጮቿም እዚያው የትንኝ እጭ እየበሉ ያድጋሉ።

አዳኝነቷን ከሌላ አዳኝ ጋር እናነጻጽረው። በደቡባዊ አፍሪካ ክብደቷ 2 ኪሎ ገደማ የሆነ፣ መዳፏ ከሥር ጥቁር የሆነ ትንሽ የዱር ድመት አለች። በአንድ ሌሊት ከ10 በላይ አይጥና ወፍ ትይዛለች፤ ከ100 ሙከራዋ ወደ 60 ያህሉ ይሳካላታል። ከድመት ወገን ይህን ያህል የሚሳካለት ጥቂት ነው፤ አንበሳ እንኳ ከእሷ ያንሳል። የውሃ ተርብ ደግሞ በጥናት ስትታይ ከ100 ሙከራዋ እስከ 95 ያህሉ ይሳካላታል!

ድመቷ አድፍጣ፣ ተሳባ ትዘላለች። የውሃ ተርብ ግን ትንኟ አሁን ያለችበትን ትታ፣ ልትደርስ ወዳለችበት ቦታ ቀድማ ትበራለች። አራቱን ክንፎቿን ለየብቻ ታዝዛቸዋለች፤ እያንዳንዱ ዓይኗ በሺዎች ከሚቆጠሩ ጥቃቅን ዓይኖች የተሠራ ነው፤ ስድስት እግሮቿን እንደ ቅርጫት አድርጋ ትንኟን ትቀልባለች፤ ሳታርፍም ትበላለች።

ጅዳና መካ የደንጊ ትኩሳት የሚታይባቸው ከተሞች ናቸው። በሽታውን የምታስተላልፈው ትንኝ በቀን ትነድፋለች፤ የውሃ ተርብም የምታድነው በቀን ነው። እባካችሁ፣ በጫማ አትምቷት፤ ልጆቻችሁም ጭራዋ ላይ ክር እንዳያስሩ ንገሯቸው።