ጋሪውና መሻገሪያው

ስቶክሆልም ውስጥ የሕፃናት ጤና ጣቢያ ነርስ ነኝ። ሕፃን ስመዝን፣ ስከትብ፣ የቫይታሚን ዲ ጠብታውን በቀን 5 ጠብታ ሁለት ዓመት እስኪሞላው እንዳታቋርጡበት ብዬ ስለምን እውላለሁ። በረዶ መጣል ሲጀምር ግን ከቀጠሮ የሚቀር ይበዛል።

ከዓመታት በፊት አንዲት ወጣት ሐበሻ እናት ግማሽ ሰዓት አርፍዳ መጣች። ሱሪዋ እስከ ጉልበቷ ርሷል። «ሲስተር፣ ጋሪው አልሄድ ብሎኝ ነው» አለችኝ። ሰበብ መሰለኝና ተቆጣኋት። በምሳ ሰዓት ግን ነገሩ ከነከነኝና በመጣችበት መንገድ ወጣሁ። የመኪናው መንገድ ተጠርጎ ጥቁር አስፋልቱ ይታያል። ከአስፋልቱ የተገፋው በረዶ እግረኛ መሻገሪያው ላይ ተከምሮ፣ ሌሊቱን ደርቆ፣ ጉልበቴን አልፎ ቆሟል። ሁለት ቀጫጭን የጋሪ ጎማ መስመሮች ክምሩ ድረስ ይመጣሉ፤ እዚያ ወዲያ ወዲህ ብለው ይመሰቃቀላሉ፤ ከዚያ ወደ መኪናው መንገድ ይወርዳሉ። ቆሜ አየኋቸው። የዚያኑ ቀን ደውዬ ይቅርታ ጠየቅኋት።

ይህን ችግር ያየሁት እኔ ብቻ አልነበርኩም። ካርልስኩጋ የምትባለው የስዊድን ከተማ እ.ኤ.አ. በ2011 በረዶ የሚጠረግበትን ቅደም ተከተል መርምራ፣ የእግረኛ መንገዱንና የመዋዕለ ሕፃናቱን መዳረሻ አስቀደመች። 10 ሳንቲ ሜትር በረዶ ለመኪና ምንም አይደለም፤ የጋሪ የፊት ጎማ ግን ይሰምጥበታል። በእግርና በአውቶቡስ የሚሄዱት ደግሞ ይበልጡን ሴቶች ናቸው። ስቶክሆልምም ይህንኑ ያዘች። በኖቬምበር 2016 ወደ 40 ሳንቲ ሜትር የሚጠጋ በረዶ ወርዶ ከተማዋ ስትሽመደመድ ብዙ ሰው በአሠራሩ ተሳለቀ። እኔ ግን ያን መሻገሪያ አይቻለሁና አሳቡ ትክክል ነው እላለሁ።

አሁን አራስ ቤት ስገባ የጋሪውን ጎማ ሳላይ አልወጣም። ትንንሽ የፕላስቲክ ጎማ ለዚህ አገር አይሆንም፤ ትልቅ፣ አየር የሚሞላ ይሻላል። የሚዞረውን የፊት ጎማ ቆልፉት። በረዶው ከጠለቀ አትግፉ፣ ዞራችሁ ወደ ኋላ ጎትቱት። ቁልቁለት ላይ የጋሪውን የእጅ ማሰሪያ የእጅ አንጓችሁ ላይ አጥልቁ።

ከአያቶች ጋር የምንከራከረው በጋቢው ነው። «ብርድ ይመታዋል» እያሉ ጋሪውን ከላይ እስከ ታች ይጋርዱታል። ስስታቸው ይገባኛል፤ እኔም እንዲያ ተሸፍኜ ነው ያደግሁት። ነገር ግን አየሩ ይታፈናል፣ ልጁ ከመጠን በላይ ይሞቃል። እጁ ቀዘቀዘ ብላችሁ አትደንግጡ፤ ጣታችሁን ማጅራቱ ላይ አድርጉ። ሞቅ ካለና ካላላበው ደህና ነው።

በረዶ ባደረ ቀን ያረፈደችውን እናት «ቀረች» ብዬ ከመመዝገቤ በፊት መንገዱን በስልክ እጠይቃለሁ፤ የሚቻል ከሆነ ቀጠሮዋን ወደ ከሰዓት አዞራለሁ። ያቺ እናት ዘንድሮ ሁለተኛዋን ወልዳለች። ባለፈው ሳምንት እሷው ቀድማ ደወለች፦ «ሲስተር፣ መሻገሪያው ተጠርጓል፤ እየመጣን ነው።»