ሦስት ደቂቃ በካርቱም፣ ሰማንያ ዓመት በክርክር

የካቲት 17 ቀን 1944 ዓ.ም. ሰኞ ረፋድ ላይ ካርቱምና ኦምዱርማን ለሦስት ደቂቃ ያህል ጨለሙ። የዚያ ሙሉ የፀሐይ ግርዶሽ ከፍተኛው ደረጃ የዋለው አባይ ከነጭ አባይ ከሚገናኝበት ብዙም ሳይርቅ ነበር። ሱዳን ገና በእንግሊዝና በግብፅ አስተዳደር ሥር ሳለች፣ ከአሜሪካና ከፈረንሳይ የመጡ ተመራማሪዎች መሣሪያቸውን ተክለው ጠበቁ።

ከኮሎራዶ የመጣው የሃይ አልቲቲውድ ኦብዘርቫቶሪ ቡድን ዓይኑን የጣለው በፀሐይ ጠርዝ ላይ ነው። ጨረቃ የፀሐይን ከባቢ አየር ንጣፍ በንጣፍ ስትሸፍን፣ ካሜራው ብርሃኑን በየቀለሙ ዘርዝሮ በላይ በላዩ ያነሳዋል። ከአንዱ ፎቶ ወደ ቀጣዩ የጎደለው ብርሃን የተሸፈነው ንጣፍ ምን ያህል እንደሚግል ይናገራል። ከፈረንሳዮቹ መካከል በርናር ሊዮ ነበረ፤ ግርዶሽ ሳይጠበቅ ኮሮናን፣ ማለትም የፀሐይን ውጫዊ ከባቢ አየር፣ የሚያሳየውን ኮሮናግራፍ የፈለሰፈው እሱ ነው። እንዲህ ያለው ሰው ለግርዶሽ ብሎ ሱዳን ድረስ መውረዱ ይገርማል፤ መሣሪያው የሚያሳየው ግን ለፀሐይ የቀረበውን ደማቁን ክፍል ብቻ ነበር። ሊዮ አገሩ አልገባም። በመልስ ጉዞው ግብፅ ውስጥ ባቡር ላይ እንዳለ በ55 ዓመቱ በልብ ድካም ሞተ።

ሁሉንም ያስጨነቃቸው ጥያቄ አንድ ነው፦ የፀሐይ ገጽ 5,500 ዲግሪ ሴልሲየስ ገደማ ሆኖ ሳለ፣ ከላዩ ያለው ኮሮና እንዴት ከ1 ሚሊዮን ዲግሪ ያልፋል? ስዊድናዊው ሃነስ አልፍቬን በ1942 እ.ኤ.አ. በፕላዝማ (ኤሌክትሪክ በሚያስተላልፍ የጋለ ጋዝ) ውስጥ የሚጓዝ መግነጢሳዊ ሞገድ መኖር አለበት አለ፤ መግነጢሳዊ መስመሮች እንደ በገና አውታር ሲነዘሩ ፕላዝማው አብሯቸው ይነዝራል። በ1947 ደግሞ ኮሮናን የሚያሞቀው ይኸው ሞገድ ሊሆን ይችላል ሲል ጨመረ። መጀመሪያ ያመነው ጥቂት ነው፤ ኖቤል የተሸለመው በ1970 ነው።

ሞገዱ በኮሮና ውስጥ በሰፊው ተንሰራፍቶ መታየቱ የተዘገበው በ2007 እ.ኤ.አ. ሲሆን፣ ያሳየውም የሊዮ ፈጠራ ዘር የሆነ ኮሮናግራፍ ነው። የተለካው ጉልበት ግን እጅግ አነስተኛ ሆነ። በ2011 ከሳተላይት የተገኘ ልኬት ለፀጥተኛው የፀሐይ ክፍል ይበቃል አለ፤ ነጠብጣብ ለሚበዛባቸው ንቁ ክፍሎች ግን አልበቃም። የፊዚክስ ሊቁ ዩጂን ፓርከር በበኩሉ ኮሮናን የሚያሞቁት የተጠላለፉ መግነጢሳዊ መስመሮች የሚወልዷቸው ጥቃቅን ፍንዳታዎች ናቸው ብሎ ነበር። በስሙ የተሰየመችው መንኮራኩር ሚያዝያ 2021 እ.ኤ.አ. ኮሮና ውስጥ ዘልቃ ገብታለች።

እኔን የሚያሳምነኝ «ሞገድ ወይስ ፍንዳታ» የሚለው ሙግት አይደለም። ሞገዱ ጉልበቱን ተሸክሞ ቢያልፍ ኮሮናን አያሞቅም፤ የሆነ ቦታ ተሰባብሮ ሙቀት መሆን አለበት። የት እና እንዴት የሚለው ነው ዛሬም የሚያከራክረው።

ቀጣዩ የአካባቢው ሙሉ ግርዶሽ ሐምሌ 26 ቀን 2019 ዓ.ም. ነው። በግብፅ ያለችውን ሉክሶርን ከስድስት ደቂቃ በላይ ያጨልማል፤ ለኦምዱርማን የሚደርሳት ከፊሉ ብቻ ነው።